ኮረንቲ አይደለም

ለተረከዝ ሕመሜ ሾክዌቭ የተባለው፣ በሞገድ ምት የሚሰጥ ሕክምና ሊደረግልኝ ነው ባልኩ ቁጥር ደሴ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚመጣበት ኮረንቲ ነበር። ቡና ልንጠጣ ከተሰበሰብነው ጎረቤቶች አንዷ ገና አቦሉን ሳትጨርስ ስኒዋን አስቀምጣ «ቲቸር፣ አሁን አንቺ ለተረከዝ ብለሽ በኮረንቲ ልትነዘሪ ነው? ልብሽን ቢያቆመውስ?» አለችኝ፤ ሌሎቹም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሳቅኩ። ስቄ ሳበቃ ግን እኔም ምን እንደሚደረግልኝ በቅጡ እንደማላውቅ ተረዳሁ። ሞገድ ምን እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬያለሁ፤ ሞገድ ሰው ጅማት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። የሚከተለው ለዚያች ጎረቤቴ በዚያ ቀን መስጠት ያልቻልኩት መልስ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በቀኝ ተረከዜ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ሜዳ መንገድ ፈልጎ ማግኘት ከባድ መሆኑን ያውቃል፤ ከጦሳ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጠላጥላ የምትኖር ከተማ ስለሆነች ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ቤቴ ወደ ጦሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ታች ነው። በቀን ሁለት ጊዜ እወርዳለሁ፣ ሁለት ጊዜ እወጣለሁ፤ በመካከሉ ስስ ሶል ባለው ጫማ ሲሚንቶ ላይ ለሰዓታት እቆማለሁ። ዳገት ሲወጣ ባት ይሳባል፤ ባት ሲሳብ ወደ ተረከዝ የሚወርደው ወፍራም ጅማት ይወጠራል፤ ያ ውጥረት ደግሞ ከተረከዝ ሥር ተነሥቶ እስከ ጣቶች ወደ ተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ይተላለፋል። ይህን አሁን በሥዕል ማስረዳት እችላለሁ። ያኔ የማውቀው ግን ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያውን እርምጃ ስረግጥ ተረከዜ ውስጥ ሚስማር የተመታ የሚመስለኝ መሆኑን ብቻ ነበር። አሥር እርምጃ ያህል ግድግዳ ይዤ ካነከስኩ በኋላ ይለቀኛል፤ ፈተና ለማረም ተቀምጬ ስነሣ ደግሞ እንደገና ይመጣል።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ወጌሻ ነው፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሽማግሌው እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በቅቤ እያሹ በአውራ ጣታቸው ሕመሙ ያለበትን ነጥብ ሳልነግራቸው አገኙት። «ልጄ፣ ደም ርቆታል፤ ደም ይምጣለት» አሉኝ። ለሁለት ቀን ቀለል አለኝና ተመለሰ። ቀጥሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ራጅ ተነሣሁና ተረከዜ ላይ እንደ እሾህ የሾለች ትርፍ አጥንት በቅላ ታየች፤ ያከመኝ ሰው ጥፋተኛዋ እርሷ መሆኗን ነግሮኝ በአራት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ስቴሮይድ የተባለውን ቁጣ የሚቀንስ መድኃኒት ወጋኝ፤ ካልተሻለሽ አጥንቷ ትቆረጣለች አለኝ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ አምስት ሳምንት ያህል ዳንኩ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን እፎይታው አሥራ አምስት ቀን እንኳ አልሞላም። ያች ሹል አጥንት ተረከዛቸውን አንድም ቀን አሟቸው በማያውቅ ብዙ ሰዎች ራጅ ላይም እንደምትታይ፣ ስቴሮይዱ ለጥቂት ሳምንታት ሕመም ቢያስታግስም ሲደጋገም ጅማቱን አዳክሞ እስከ መበጠስ ሊያደርሰው እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም። ይህ የምርምር ምሥጢር ሳይሆን ለማንኛውም ታካሚ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል ነገር በመሆኑ እስከ አሁን ቅር ይለኛል።

ዕድሌ ሆኖ የድሮ ተማሪዬ የነበረች ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆናለች። ስልክ ደውዬ የሆንኩትን ስነግራት ያቋረጠችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ቲቸር፣ ስንት ወር ሆነሽ?» ብላ። አሥራ አራት ወር አልኳት። ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝ ነገር ስለ ሕመሜ የነበረኝን ሐሳብ ገለበጠው።

እኔ ተረከዜ ቆስሎ፣ ተቆጥቶ፣ በእሳት ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ፕላንታር ፋሻይተስ በተባለው የሕመሙ የእንግሊዝኛ ስም ውስጥም ቁጣን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ የሚያመለክት ቅጥያ አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ለረጅም ጊዜ ታመው በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 50 ታካሚዎች የተወሰደውን የጅማት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያገኘው የቁጣ ሴሎችን ሳይሆን የተበላሸ፣ ሥርዓቱን ያጣ ኮላጅን የተባለው የጅማት ክር ነው። ጤነኛ ጅማት በደንብ እንደተገመደ የቃጫ ገመድ ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ይተኛሉ፤ ለወራት የታመመው ግን ክሮቹ ተፈትተው፣ ተጠላልፈው፣ አንዳንዱ ስፍራ ላይ ተበጥሰው ይገኛሉ። ጅማት ደግሞ እንደ ጡንቻ ብዙ ደም የሚያገኝ አካል አይደለም፤ ስለዚህ ጥገናው ቀርፋፋ ነው፤ ጥገናው ሳያልቅ በየቀኑ እንደገና ከተጎዳ ደግሞ ሰውነት ሥራውን በመካከል ትቶት ይቀመጣል። ደሴ ውስጥ ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሞ፣ ዝገት ይዞት፣ ግንበኛው ጥሎት የሄደ ጅምር ቤት ያላየ ሰው የለም። የእኔም ተረከዝ እንደዚያ ነበር። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ እኔ ግን እሳት ማጥፊያ ስጨምርበት ከረምኩ፤ መርፌው ለምን እየቆየ እንደማይሠራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሾክዌቭ የሚሞክረው ያንን ግንበኛ መልሶ መጥራት ነው። ሐሳቡ ከየት መጣ የሚለው ታሪክ ለአንድ የፊዚክስ መምህር በጣም ይጥማል። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን የአውሮፕላን ኩባንያ ከድምፅ በላይ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን የዝናብ ጠብታ ሲመታው በብረቱ ውስጥ የሚነሣውን የግፊት ሞገድ ያጠና ነበር። ያ ሞገድ የውጩን ሽፋን ሳይጎዳ ውስጥ ያለውን ሊሰብር መቻሉ ወደ ሕክምና መራቸው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1980 ሙኒክ ውስጥ ክርስቲያን ቾሲና ባልደረቦቹ የአንድን ታካሚ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቢላዋ ከውጭ በተላከ ሞገድ ሰበሩ። ከዚያ በኋላ ሞገዱ በመንገዱ ያለውን አጥንት ይጎዳ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሣና በእንስሳት ላይ ሲፈተሽ አጥንት የሚሠሩት ሴሎች እንዲያውም ለሥራ ሲነቃቁ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት የቡልጋሪያ ሐኪሞች አልገጥም ብሎ የዘገየ ስብራትን በዚሁ መንገድ ማከማቸውን አሳተሙ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሕክምናው ወደ ትከሻ፣ ወደ ክርንና ወደ ተረከዝ ጅማት ተሻገረ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2000 ለተረከዝ ሕመም የመጀመሪያውን መሣሪያ ፈቀደ።

እዚህ ላይ ለጎረቤቴ የምመልሰው ነገር አለ፤ ወደ ሰውነት የሚገባው ኮረንቲ አይደለም። ክረምት ላይ ከጦሳ ወደ ከተማው የሚንከባለለው ነጎድጓድ ሲጀምር ሾክዌቭ ነው፤ መብረቁ አየሩን በድንገት ሲያግለው አየሩ በኃይል ይገፋል፤ እየራቀ ሲሄድ ኃይሉ ረግቦ እኛ የምንሰማው ጉርምርምታ ይሆናል። በተራ የድምፅ ሞገድ ውስጥ ግፊቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በሾክዌቭ ውስጥ ግን በናኖ ሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ ሽቅብ ይተኮስና ወዲያው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሁሉም ነገር የሚያልቀው በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ነው። ግፊቱ ሲያሽቆለቁል በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና ይፈነዳሉ፤ ያም ለሴሎቹ ሌላ ሁለተኛ ንቅናቄ ነው።

መሣሪያዎቹ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱን ታካሚው ማወቅ ይገባዋል እላለሁ። አንደኛው ሞገዱን እንደ ማጉያ መነጽር በአንድ ነጥብ ላይ የሚያሰባስብ ሲሆን ከቆዳ ሥር ብዙ ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛውና በክሊኒኮች በብዛት የሚገኘው ግን በታመቀ አየር ይሠራል፤ እጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ጥይት እየተወረወረች የእጀታውን ጫፍ ትመታለች፤ ምቱ ከቆዳው ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሰራጫል፤ ኃይሉም ቆዳው ላይ በርትቶ በጠለቀ መጠን ይዳከማል። ነገሩን በፊዚክስ ሚዛን ካየነው ይህ ሁለተኛው ጨርሶ ሾክዌቭ አይደለም፤ ግፊቱ የሚወጣው ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ የግፊት ሞገድ ቢባል ይሻል ነበር። ለተማሪዬ ይህን ስነግራት ሳቀችና «ቲቸር፣ ማርክ ልትቀንሽልኝ ነው?» አለችኝ። የታመመው የተረከዝ ጅማት ከቆዳው ብዙም ስለማይርቅ ለእኔ ሕመም ይኸኛው መሣሪያ እንደሚበቃ አስረዳችኝ።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርጎ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ እኔ የማስበው ስለ መውረጃው ነበር፤ ደብረ ሲና ላይ ምሳ ለመብላት ስንቆም ለሰዓታት ታጥፎ የቆየ እግሬን መሬት ማስረገጥ ስላልቻልኩ ረዳቱ ደግፎ አወረደኝ። ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ በመሆኑ እኅቴ ቤት ሰነበትኩ።

ተማሪዬ በሆዴ አስተኝታኝ ተረከዜን በአውራ ጣቷ እየተጫነች «እዚህ ነው?» ትለኛለች፤ «ትንሽ ወደ ውስጥ» እላታለሁ። ነጥቡን ስታገኘው ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም፤ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት። ወጌሻው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ እጃቸው የሚያውቀውን እጇ ያውቃል፤ እርሷ ግን ስንት ምት፣ በስንት ግፊት፣ በየስንት ቀኑ የሚለውን መዝግባ ይዛለች። ከዚያ አልትራሳውንድ ላይ የሚቀባውን ዓይነት ጄል ቀባችልኝ። ጄሉ ለቅዝቃዜ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሞገዱ ከአየር ወደ ሰውነት ሲሻገር በድንበሩ ላይ አብዛኛው ነጥሮ ስለሚመለስ በእጀታውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይቀር ነው። በዚሁ ምክንያት፣ በአየር የተሞላው ሳንባ በሞገዱ መንገድ ላይ እንዲሆን አይፈቀድም።

ግፊቱን በ1.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ጀምራ ቀስ በቀስ ወደ 2.5 አደረሰችው። ድምፁ ግንደ ቆርቁር ጆሮ ሥር ተቀምጦ እንጨት ሲወቅር ይመስላል። 2,000 ምት፣ በሰከንድ 10 ምት፤ በልቤ አሰላሁት፣ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ይህን ስሌት ከጣሪያው ላይ ዐይኔን ተክዬ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ በሆዴ ስለተኛሁ ግን ትራሱን ነክሼ ነበር ያሰላሁት። ከአሥር ስንት ያማል ስትለኝ ሰባት አልኳት፤ ግፊቱን ትንሽ ቀነሰችው። ማደንዘዣ ለምን አይሰጥም ብዬ ስጠይቃት ሁለት ምክንያት ነገረችኝ፤ አንደኛ፣ ሞገዱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ማረፉን የሚነግራት የእኔ ሕመም ነው፤ ሁለተኛ፣ ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ ውጤቱ እንደሚቀንስ ጥናት አሳይቷል። ይህ ሁለተኛው ነገር ረጅም ጊዜ አሳስቦኛል። ሕመም አስተላላፊው ነርቭ ራሱ የሕክምናው ተካፋይ ነው ማለት ነው። ምቱ ሲደጋገም ሰብስታንስ ፒ የተባለው ሕመም አስተላላፊ ኬሚካል ከነርቭ ጫፎች እየወጣ እንደሚያልቅ ይታመናል፤ እንደ እውነቱም ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ሕመሙ እየደነዘዘ ሄደ፤ ስነሣም ያለ ግድግዳ ቆምኩ።

ያ እፎይታ ግን ሕክምናው አልነበረም፤ ማታውኑ ሄደ። ዋናው ነገር የሚሆነው ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳያየው ነው። ሴል ሲገፋና ሲሳብ ዝም አይልም፤ የተገፋበትን ኃይል ወደ ኬሚካል መልእክት ይለውጠዋል። ከምቱ በኋላ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያዝዙ ፕሮቲኖች ይወጣሉ፣ ኮላጅን የሚሠሩት ሴሎች ይባዛሉ፣ ቆሞ የነበረው ጥገና እንደ አዲስ ይጀመራል። «ደም ይምጣለት» ያሉኝ ሽማግሌ ሩቅ አልነበሩም ማለት ነው። ለጅማት አዲስ ክር ማበጀት ግን የሳምንታትና የወራት ሥራ በመሆኑ የሾክዌቭ ውጤት በአብዛኛው የሚለካው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ተማሪዬ በእነዚያ ሳምንታት ዲክሎፌናክም ሆነ ሌላ ቁጣ የሚቀንስ ክኒን እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ፤ ገንዘብ ከፍለን የቀሰቀስነውን ሂደት በክኒን መልሰን ማስተኛት ይሆናል አለች።

እኔ ዳንኩ ማለት ግን መሣሪያው አዳነኝ ማለት እንዳልሆነ ለመናገር እገደዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ በ166 የተረከዝ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እውነተኛውን ሕክምና ባገኙትና የማስመሰያውን ባገኙት መካከል ልዩነት አላየም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ደግሞ በአየር ግፊት የሚሠራውን መሣሪያ ፈትሾ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ የታከሙት ሰዎች ሕመም በ72 በመቶ ገደማ፣ የማስመሰያውን ያገኙት ሰዎች ሕመም ደግሞ በ45 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ከሁለቱ ቁጥሮች እኔን ያስደነቀኝ ሁለተኛው ነው፤ ምንም ሳይደረግላቸው ሕመማቸው በግማሽ ሊቀንስ ትንሽ ቀረው። ጊዜ ይፈውሳል፣ ተስፋም ይፈውሳል፤ ተረከዙን የሚያመው ሰው አብዛኛው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ለትከሻ ጅማት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ለታካሚ ትርጉም ያለው ጥቅም እምብዛም አላገኘም። ስለዚህ ሾክዌቭ ሁሉን ይፈውሳል የሚል ማስታወቂያ ሳይ የማልፈው ፊቴን አዙሬ ነው። የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ለወራት ተሞክሮ አልድን ላለ ሕመም፣ ከቢላዋ በፊት፣ ከእንቅስቃሴ ጋር ተዳምሮ ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው። በሳምንቱ ላመመው ሰው ግን አይደለም።

እንቅስቃሴው የሚለው ነገር አብዛኛው ሰው የሚዘለው ክፍል ነው፤ እኔም ልዘለው ነበር። ደሴ ከተመለስኩ በኋላ በየሁለት ቀኑ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ከጣቶቼ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጌ፣ ተረከዜን በሦስት ሰከንድ አነሣለሁ፣ ሁለት ሰከንድ ከላይ እቆያለሁ፣ በሦስት ሰከንድ አወርዳለሁ። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይህ ሸክም ያለበት ልምምድ ተራ ማሳሳብ ብቻ ከሚያደርጉት ይልቅ በሦስት ወር ውስጥ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ምክንያቱም አዲሱ ክር በየት አቅጣጫ መተኛት እንዳለበት የሚነግረው ሸክሙ ነው፤ ግንበኛው ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ቱንቢ ያስፈልገዋል። ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ስወጣና ስወርድ እያዩ ኮረንቲው ጭንቅላቴን ነክቶት ይሆን ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። ጫማዬንም ቀየርኩ። እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ በአምስተኛው ሳምንት እንዲያውም ባሰብኝና ለተማሪዬ ደውዬ ገንዘቤን በከንቱ እንዳወጣሁ ነገርኳት። በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስልክ ሲጠራ ከአልጋ ወርጄ ሮጬ አነሣሁት፤ እንደሮጥኩ ያስተዋልኩት ንግግሬን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ረጅም ሰዓት ቆሜ ባስተማርኩ ማግስት ጠዋት ተረከዜ ያስታውሰኛል፤ ከአሥር ሁለት ያህል።

ባለፈው ወር የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ያለውን የአጎቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲያጠብቅና ሲፈታ የሚውል ሰው ነው፤ ቀኝ ክርኑን ከውጭ በኩል እያመመው ስኒ ማንሣት እስኪያቅተው ደርሷል። የእኔን መዳን ሰምቷልና ገና ቁጭ ሳልል «እታለም፣ የዚያችን ልጅ ስልክ ስጪኝ» አለኝ። ልሰጠው ስልኬን አወጣሁና ቆም ብዬ እርሷ እኔን የጠየቀችኝን መጠየቅ ጀመርኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ? አልወስድም አለ። ክርንህ አካባቢ ዕጢ አለ ተብለህ ታውቃለህ ወይ? የለም አለ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና እርሷስ ብትሆን ኖሮ ምን ትጠየቅ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ነበር የምትጠይቅሽ አልኳት፤ ሳቀች። ምን ያህል ጊዜ ሆነህ ስለው ስምንት ወር አለኝ። ክርንህ ላይ መርፌ ተወግተሃል ወይ? ስለው ዝም አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ተወግቷል።

ስቴሮይድ ከተወጋ ሰው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሳያልፈው ሾክዌቭ እንደማይደረግለት ነገርኩት። የግድግዳውን ካላንደር አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በግራ እጁ ጣት ሦስት ሳምንት ወደ ፊት ቆጠረ።